የ2012ን ጉድለት በልጆቻችን ስም አታወራርዱ

ባለፈው ሳምንት የትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ አንድ ውሳኔ አሰማን። በሰባተኛ ክፍል አማካይ ውጤቱ ከ60 በታች የሆነ ተማሪ ለስምንተኛ ክፍል አይመዘገብም፤ ወላጁ ከወዲሁ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልግለት። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲመጣ በሩ ላይ የሚሰቀለው «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚለው ባነር እንዳይበላሽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን በግል ትምህርት ቤት ያስተማረ ሁሉ ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ያንገበገበኝ ከውሳኔው ቀጥሎ የመጣው ንግግር ነው። አንዲት እናት ተነስተው፣ «እነዚህ ልጆች እኮ አንደኛ ክፍልን በኮሮና ምክንያት ሳይጨርሱ ነው ያለፉት፤ ይህ ይታሰብላቸው» አሉ። ርዕሰ መምህሩ መለሱ፦ «ኮሮና የሚባለው ሰበብ ይብቃ። ትምህርቱ በቴሌግራም ተሰጥቷል። ልጁን ያልተከታተለ ወላጅ ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።» ጥቂት ወላጆች ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። እኔ አልስማማም።

ተሰጥቷል ስለተባለው ትምህርት እንነጋገር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ገና መጀመሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ ይገባ የነበረው የወረቀት ፎቶ ነው። መምህርቷ በእጇ የጻፈችውን መልመጃ ፎቶ አንስታ ትልካለች፤ ግማሹ ይነበባል፣ ግማሹ ጥላ ያጠላበታል። በእሷ አልፈርድም። በራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ፣ የወሩ ደመወዟ ይግባ አይግባ ሳታውቅ የምትችለውን አድርጋለች። ግን የሰባት ዓመት ልጅ የስልክ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ማንበብ ይለምዳል ብሎ የሚያምን ሰው የሰባት ዓመት ልጅ አስተምሮ አያውቅም።

ደግሞስ ስልኩ የማን ነው? የአባት ወይም የእናት ነው፤ ጠዋት ከባለቤቱ ጋር ሥራ ይሄዳል። ማታ ሲመለስ ሁለት ልጆች ይጠብቁታል። ቅድሚያው ለታላቋ ይሰጣል፤ አሥረኛ ክፍል ስለሆነች ትምህርቷ ይከብዳል። የትንሹ ተራ ሲደርስ ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ካርዱ አልቋል፣ ወይ ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል። ይህ እኔ ቤት የነበረው ሁኔታ ነው፤ ደመወዝ የሚገባበት፣ ስማርት ስልክ ያለበት፣ ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍል ቤት። ጉሊት ላይ ውላ የምትገባዋ እናት ቤትስ? ሬዲዮ የሌለበት የገጠር ቤትስ? ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለባል የተሰጡት ልጃገረዶችስ በየትኛው ቴሌግራም ተማሩ?

ሌላም አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም አልተመለሰም። ይህ የሆነው ልጆቹ የላኳቸው መልመጃዎች ታርመው፣ ዓመቱ ተጠቃሎ ሊዘጋ በሚገባበት ጊዜ ነው። ትምህርቱ በቴሌግራም ተሰጥቷል የሚሉ ሰዎች በእነዚያ ሳምንታት በምን እንደተሰጠ ይንገሩን።

እኔ ግን ይህ አባባል ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በዚያ የመዘጋት ጊዜ የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ተወስኖ ነበር። ከፈልን፤ ብዙዎቻችን የከፈልነው መምህራኑ ጾማቸውን እንዳያድሩ ብለን ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ «ያኔ አልተማሩም» ብሎ ካመነ «ታዲያ ያን ገንዘብ ለምን ተቀበላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ስለዚህ ተምረዋል ማለት አለበት። ተምረዋል ካለ ደግሞ ያላወቁት ሰነፎች ስለሆኑ ነው ማለት አለበት። ደረሰኙን ለማጽደቅ ልጁን ሰነፍ አሉት።

ከዚያ ምን ሆነ? ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በስተቀር ሁሉም ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ። በዚያ ወቅት ሌላ ምርጫ ነበር ብዬ አልከራከርም። ትምህርት ሲከፈት ያለፈው በ45 ቀን ማካካሻ ይሸፈናል ተብሎም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻችን ወደ ክፍል የተመለሱት በ2013 ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው፤ ከሰባት ወር በላይ ቆይተው ማለት ነው። ያውም በፈረቃ። የእኔ ልጅ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሄዳል፣ የጎረቤቴ ልጅ በሌሎቹ ቀናት። ጥቂት ቀን ክለሳ ተባለና የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ተከፈተ። ማካካሻው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት እንደተሰጠ ያየ ወላጅ ካለ ይመስክር። አንደኛ ክፍል በግማሽ ቀረ፤ ሁለተኛ ክፍልም በግማሽ ሄደ፤ በካርዱ ላይ ግን ሁለቱም «ተዛውሯል» ይላሉ።

አሁን ርዕሰ መምህሩ እንዲሰሙኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። አንደኛ ክፍል ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር እኩል አይደለም። የስድስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጠው መጽሐፉን ገልጦ ሊያነበው ይችላል። የአንደኛ ክፍል ልጅ ያመለጠው ራሱ ማንበብ ነው። እስከ የካቲት ድረስ ልጁ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወጣዋል፤ ወላጅም ሰምቶ ደስ ይለዋል። ዜማው ግን ንባብ አይደለም። ካዕቡን ከሣልሱ በዓይኑ መለየት፣ ሳድሱን የት እንደሚያሰማው የት እንደሚውጠው ማወቅ፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ የሚላላውን አላልቶ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ማለት፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው። የሚመጣውም መምህር አጠገቡ ቆማ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አስይዛ፣ ሲሳሳት ወዲያው አቁማ በየቀኑ ስታስነብበው ነው። ያ መንፈቀ ዓመት ነው የተዘለለው። ከዚያ በኋላ የመጣ ክፍል ሁሉ ልጁ ማንበብ ይችላል ብሎ ነው የሚጀምረው። ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ የሚያስተምር መምህር የለም፤ አንብበህ መልስ ይባላል እንጂ። ድሩ ሳይዘረጋ ማጉን ወርውር ተብሎ ሸማኔ አይወቀስም፤ እነዚህ ልጆች ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እየተወቀሱ ነው።

የእኔ ልጅ ሒሳብ ላይ ደካማ ነው ተብሏል። ማታ አብሬው ስቀመጥ የማየው ሌላ ነው። በቃላት የተጻፈውን ጥያቄ እኔ ካነበብኩለት በራሱ ይሠራዋል፤ ብዙውን ጊዜም ያገኘዋል። ራሱ ያንብበው ስል ከሁለተኛው መስመር ላይ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ቁጥሮቹ ላይ ሲደርስ መነሻው ጠፍቶበታል። ፈተና ላይ እስኪያነብ ሰዓቱ ያልቃል። አጠቃላይ ሳይንሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልፈጠነ ንባብ በሰው ቋንቋ ከየት ይመጣል? እንዲህም ሆኖ ባለፈው ዓመት የስድስተኛ ክፍልን ከተማ አቀፍ ፈተና አልፏል። ከተማው አልፈሃል ያለውን ልጅ ትምህርት ቤቱ ውጣልኝ ይለዋል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ልጅ የሚያስጠላውን ገጽ በየማታው ሦስቴ አይጀምርም።

ታላቋ ልጄ ላይ የሆነው ደግሞ ክርክሬን ይጨርስልኛል። የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ ተናገረ፤ ትውልዱ አለቀለት ተባለ። ኩረጃው በመቆሙ ደስ ብሎኛል፤ ያ ግን ተማሪው በ2012 ስንተኛ ክፍል እንደነበር ቆጥረን ለማየት ያልቻልንበትን ምክንያት አይነግረንም። እነዚያ የ2014 ተፈታኞች በ2012 አሥረኛ ክፍል ነበሩ። የአሥረኛን ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት አልተማሩም፤ አሥራ አንደኛን ዘግይተው ጀምረው በፈረቃ ተማሩ። ከእነሱ ቀጥለው 3.2 በመቶ ያመጡት ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የነበሩት ናቸው። ይህን ቆጥሮ ለመናገር አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ውጤቱ ሲነገር ግን ይህን ቆጠራ ከአንድም መድረክ አልሰማሁም። ልጆቹን መሳደብ ይቀላል።

ልጄ ከወደቁት አንዷ ነበረች። ከዚያ መንግሥት ሪሜዲያል የሚባለውን ፕሮግራም አመጣ፤ 50 ካላመጡት የተሻሉትን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ለወራት መሠረታዊ ትምህርቶችን እንደገና አስተማራቸው። ልጄ ተማረች፣ ተፈተነች፣ አለፈች፤ ዛሬ በትምህርቷ ላይ ናት። ሰው የወሰዱበትን ጊዜ ሲመልሱለት የሚሆነው ይህ ነው። ጭንቅላቷ አልተለወጠም፤ መምህርና ጊዜ ነው ያገኘችው። ታዲያ ለአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ማካካሻ ይገባል ያለ አገር ለሰባት ዓመቱ ልጅ ምነው ዝም አለ? አንድ ቤት፣ አንድ እናት፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ዓይነት ክትትል። ርዕሰ መምህሩ እንዳሉት ጥፋቱ የወላጅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቀርተው ነበር።

ትምህርታችን ከኮሮና በፊትም ጤነኛ አልነበረም የሚሉኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አልነበረም። ጦርነቱም ከቫይረሱ የከፋ አድርጓል፤ የትግራይ ልጆች በመጋቢት 2012 ከተዘጋባቸው ክፍል ብዙዎቹ ለሦስት ዓመት ያህል አልተመለሱም፤ በአማራ ክልልም ዛሬ ድረስ የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን አንዱም ቦሌ ወይም ጀሞ ላይ ተቀምጦ ልጅ ለሚያባርር ትምህርት ቤት ማስረጃ አይሆነውም። እንዲያውም የተጎዳው ልጅ ከገመትነው በላይ ብዙ ነው ማለት ነው።

በ2012 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ዛሬ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። የት እንዳሉ ይታወቃል፤ በየክፍሉ ስም ዝርዝራቸው አለ። ትምህርት ቢሮው መጀመሪያ እነዚህን ልጆች አንድ በአንድ ያስነብባቸው፤ አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ድምፅ አውጥተው። ያቃተው ስንት እንደሆነ ይታወቅ። ከዚያ የዘንድሮው ክረምት ለእነሱ ይሁን፤ የግሉም የመንግሥቱም ትምህርት ቤት ክፍሉን ይክፈት፣ ለመምህራኑ ተገቢው ይከፈላቸው፣ ወላጅም እንደ 2012ቱ ላልተሰጠ ትምህርት ከፍሎ ሳለ ለማካካሻው ሁለተኛ ክፍያ አይጠየቅ። እስከዚያው ድረስ ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን በውጤት ምክንያት ነባር ተማሪ ማሰናበትን በደብዳቤ ይከልክል።

ስብሰባው ሲያልቅ ውሳኔውን ተቀብያለሁ የሚል ቅጽ ታድሎ ነበር። አልፈረምኩም። አጠገቤ የነበሩት እናትም አልፈረሙም፤ የሌሎቹን ወላጆች ስልክ እየሰበሰብን ነው፤ ከምዝገባው በፊት ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ እናስገባለን።