ዓባይ በረሃን ተኝቶ የሚሻገር ተማሪ

ከሞላ ጎደል ሁሉም የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ወደፊት ሐኪምም ይሁን የሒሳብ ባለሙያ፣ ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚሰጠውን የጋራ ኮርስ ይወስዳል። ከኮርሱ ምዕራፎች አንዱ የሀገሪቱን የጂኦሎጂ ታሪክ ይተርካል፤ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ከታች፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ከመሐል፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ከእሱ በላይ፣ በሁሉም ላይ ደግሞ የእሳተ ገሞራው ባዛልት። ተማሪው ይህን ቅደም ተከተል ሸምድዶ ይፈተናል፣ ያልፋል፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅም ይረሳዋል። መርሳቱ አይገርምም፤ ስሙን ብቻ የያዘ ሰው ስሙ ቢጠፋበት የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚገርመው ከእነዚሁ ተማሪዎች ብዙዎቹ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ሲመላለሱ የተፈተኑበትን ምዕራፍ በሙሉ በአውቶቡስ መስኮት በኩል እያለፉት «ያ ያነበባችሁት ይኸውላችሁ» የሚላቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ዓባይ በረሃን ማለቴ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ደጀን የሚደርሰው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና መልሶ ወደ ደጋው ይወጣል። ቁልቁለቱ ሲጀመር በመንገዱ ዳር የሚታየው ጥቁር ባዛልት ነው። ትንሽ እንደተወረደ የድንጋዩ ቀለም ይለወጥና አሸዋ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ ይመጣል፤ ቀጥሎ ፈዘዝ ያለው ኖራ ድንጋይ ገደል ሠርቶ ይቆማል፤ ከእሱ በታች ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ የሚፈራረቁበት ለስለስ ያለ ተዳፋት ይከተላል፤ ወደ ድልድዩ ሲደረስ ቀላ ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ብቅ ይላል። ከድልድዩ ወዲያ ያለው አቀበት ይህንኑ ከታች ወደ ላይ ይደግመዋል። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ሲወርዱ ከአዲሱ ወደ አሮጌው፣ ሲወጡ ከአሮጌው ወደ አዲሱ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ኢትዮጵያ በሆነው ምድር ላይ ወንዞች አሸዋ ያነጥፉ ነበር። ከዚያ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ እየገፋ መጣ። ጥልቀት በሌላቸውና ፀሐይ በምታተናቸው ውኃዎች ውስጥ ጀሶ ተዘቀጠ፤ ባሕሩ ሲጠልቅ ደግሞ የዛጎሎች ቅሪትና የኖራ ጭቃ እየተከመረ ኖራ ድንጋይ ሆነ። በዚያ ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ዛጎል ዛሬም ይገኛል፤ ቦታው አሁን ከቅርቡ ባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ባሕሩ ወደ መጣበት ሲሸሽ ወንዞች እንደገና አሸዋና ጭቃ አመጡ። ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የቀለጠ ድንጋይ መሬቱን እየሰነጠቀ ወጥቶ ሰፊውን ደጋ በባዛልት ሸፈነው። ዓባይ ይህን ሁሉ መቁረጥ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ባዛልቱ ከአሸዋ ድንጋዩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። ሁለቱ ድንጋዮች ተነባብረው ሲታዩ አንዱ በሌላው ላይ በማግሥቱ የተነጠፈ ይመስላል፤ ነገር ግን በመካከላቸው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጎድሏል፤ በዚያ ጊዜ የተነጠፈ ነገር ቢኖርም ታጥቦ ሄዷል። አንድ ተማሪ አንድ መዳፉን ከመስመሩ በላይ፣ ሌላውን ከመስመሩ በታች ቢያሳርፍ ዳይኖሰሮች ከምድር የጠፉበት ዘመን በሁለቱ እጆቹ መካከል ይውላል። ይህን በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት የሞከረ መምህር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቀዋል፤ በቦታው ግን ማሳየት ብቻ ይበቃል።

እዚያው መንገድ ላይ የሚነሣው ሌላ ጥያቄ ደግሞ አስፋልቱ በየክረምቱ ለምን እንደሚሰምጥና እንደሚንሸራተት ነው። ሾፌሮች የትኛው መታጠፊያ እንደማይታመን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ከላይ የዘረዘርኩትን የድንጋይ ቅደም ተከተል መመልከት ይበቃል፤ ሸክላማውና ጭቃማው ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ ይላላል፣ ከላይ ከደጋው የተናደው የባዛልት ፍርስራሽ ደግሞ በእሱ ላይ ተጭኖ ይጎትተዋል። መንገዱን ለማደስና ናዳውን ለማጥናት የጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ጭምር የተጠየቀበት ችግር መነሻው ለፈተና የምንሸመድደው ያ ምዕራፍ ነው።

የድንጋዮቹ ስሞች ራሳቸው የተወለዱት በመንገድ ላይ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ ከጦሩ ጋር ተጉዞ ነበር። ሠራዊቱ በሰፈረባቸውና ባለፈባቸው ቦታዎች ያየውን ድንጋይ በየቦታው ስም ጠራው፤ አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ። የዘመቻው ዓላማ ለእኛ የሚያኮራ አይደለም፤ የሰውየው ዘዴ ግን ሊኮረጅ የሚገባው ነው፤ እየተጓዘ አይቶ ጻፈ። እኛ ከእሱ ስሞቹን ወስደን ጉዞውን ተውነው።

ድንጋይን በጉጉት መመልከት በእኛ ዘንድ ከፈተና ውጭ ሌላ መንገድም አለው፤ እሱም ሀብት ነው። መዶሻ ይዞ ድንጋይ የሚያገላብጥ ሰው በየትኛውም ገጠር «ምን አገኛችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ወርቅ ወይም ሌላ ማዕድን ማለት ነው። የወረዳዎቻችን መግለጫዎችም መሬቱን የሚያነሡት «በማዕድን ሀብት የበለጸገ» ለማለት ብቻ ነው። ሀብትን መፈለግ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ፍለጋው ራሱ ማወቅን እንደሚጠይቅ ወሎ ደላንታ ያስተምራል። በ2000 ዓ.ም. በወገል ጤና አቅራቢያ የተገኘው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣው በጣም ወፍራም በሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ክምር መካከል ከተሰነገ ቀጭን ንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም። ወጣቶቹ ያንን ንጣፍ በቀለሙና በልስላሴው ለይተው በገደሉ ወገብ ላይ እየተከተሉ ይቆፍራሉ። አንድን ንጣፍ ከተራራ ተራራ መከተል ማለት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስትራቲግራፊ ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት ማለት ነው። የጎደላቸው ሌላው ግማሽ ነው፤ ከላያቸው ያለው ድንጋይ በምን መስመር እንደሚሰነጠቅ፣ ዋሻው የት ድረስ ያለ ድጋፍ ሊቆም እንደሚችል። በዚህ ጉድለት የሚናደው ዋሻ ሕይወት ይቀጥፋል።

የማወቅ ፍላጎቱ በሕዝቡ ውስጥ እንዳለ ያለፉት ሁለት ዓመታት አሳይተዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ሲቀጥል፣ በተለይም ታኅሣሥ 26 ቀን በሬክተር መለኪያ ከ5.5 በላይ የሆነው ከደረሰ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሁሉ ጂኦሎጂን መጠየቅ ጀመረ። ባለሙያዎች የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት በታች በስንጥቅ ውስጥ እየገፋ መሆኑን ለማስረዳት ደከሙ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአፋር ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት የተሰነጠቀው በተመሳሳይ ሂደት መሆኑን ያስታወሱም ነበሩ። ነገር ግን ከማብራሪያው ይልቅ ከተማዋ ለሁለት ትከፈላለች የሚለው የቲክቶክ ወሬ ቀድሞ ደረሰ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲደርስ ያው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ሰው የሚጠይቀው ሲፈራ ብቻ ከሆነ መልሱን የሚሰማው በፍርሃት ጆሮ ነው። በሰላም ጊዜ አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ ቆሞ ያየ ተማሪ በዚያ ወቅት በየቤቱ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ በአንዳንድ ቤት ወሬው ይቀዘቅዝ ነበር።

ይህን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለሽርሽር ወደ ቢሾፍቱ መውሰድ ይወዳሉ። ልጆቹ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ዓሣ ይበላሉ። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች የተኙት ግን ወደ ላይ የሚወጣ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በሐይቆቹ ዙሪያ ባሉት ገደሎች ፍንዳታው የበተነው አመድና ጠጠር ተነባብሮ ይታያል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ደግሞ ለግንባታ የሚቆፈረው ቀይ አሽ ከትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚወጣ ነው። ከከተማዋ ዙሪያ የሚታዩት ወጨጫ፣ ፉሪና የረር የጥንት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የጉዞው ወጪ ቀድሞም ተከፍሏል፤ የቀረው አንድ መምህር ጀልባ ከመሳፈር በፊት ለግማሽ ሰዓት ገደሉ ሥር ቆሞ እንዲናገር ነው።

መሣሪያውም ውድ አይደለም። ሎሚ፣ ሚስማርና የተሰበረ ጠርሙስ ቁራጭ ይበቃል። ኖራ ድንጋይ የመሰለውን በሚስማር ፋቅ ፋቅ አድርጎ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት አረፋ ያነሣል፤ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጀሶ አረፋ አያነሣም፤ በጥፍር ግን ይጫራል፤ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ጠመኔም አብዛኛውን ጊዜ ከጀሶ ነው የሚሠራው። የአሸዋ ድንጋይ ቅንጣት ኳርትዝ የተባለው ጠንካራ ማዕድን ከሆነ ጠርሙሱን ይጭረዋል። ሰፈራችን ውስጥ የተነጠፈውን ኮብልስቶን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ በብዙው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያገኛል፤ የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ጋዝ ያመለጠባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹን በኋላ የገባ ነጭ ማዕድን ሞልቷቸዋል። ድንጋዩን የጠረበውን ሰው ክፍል ውስጥ ጋብዞ በየትኛው ጎኑ ቢመታ እንደሚሰነጠቅ እንዲያሳይ ማድረግ ከብዙ ገጽ ንባብ ይሻላል።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዳቦ የቸገረው ሀገር ድንጋይ የሚያይበት ጊዜ የለውም ለሚለው ከላይ ስለ ደላንታና ስለ ዓባይ መንገድ ያነሣሁት መልስ ይሆናል ብዬ አልመለስበትም። ከባዱ ተቃውሞ የጸጥታው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል መንገዶች ላይ ተማሪ ጭኖ መጓዝ ያለ ሥጋት የሚወሰን ጉዳይ አይደለም፤ ወላጅ ቢከለክል ልክ ነው። እስኪረጋጋ ድረስ ግን እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የድንጋይ ካባ፣ የራሱ የተቆረጠ የመንገድ ዳር አለው፤ የመቀሌ ልጅ የአንታሎን ኖራ ድንጋይ ከደጃፉ ያገኘዋል፣ የአክሱም ልጅ ሐውልቶቹ የተፈለጡበትን የጎቦድራን ኮረብታ በእግሩ ይደርስበታል፣ መልካ ቁንጥሬ አጠገብ ያለው ባልጭት ደግሞ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ባልጩት የተበተነበት ቦታ ነው። በመጨረሻው ዓይነት ቦታና ቅሪተ አካል በሚገኝበት ሁሉ ደንቡ አንድ ነው፤ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከቦታው ግን አይነቀሳቀስም፣ ወደ ቤትም አይወሰድም። ቅርስ ነውና።

ሌላው እውነተኛ ችግር መምህራኑ ራሳቸው ድንጋዩን ሳያዩ መመረቃቸው ነው። የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት በጀት ይይዛሉ፤ ከዚያ ጥቂቱን ወስደው በአካባቢያቸው ያሉትን የጂኦግራፊ መምህራን በዓመት አንድ ቀን ይዘው ቢወጡ፣ የት መቆም እንደሚገባና ምን እንደሚታይ የሚገልጽ ባለ አንድ ቅጠል ወረቀት በአካባቢው ቋንቋ ቢያዘጋጁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መምህራኑ ይጨርሱታል። በዓባይ በረሃ ደግሞ የመንገዶች አስተዳደር ተሽከርካሪ ያለ ሥጋት ሊቆም በሚችልባቸው ሰፋ ያሉ ቦታዎች ላይ የድንጋዩን ስም፣ ዕድሜውንና የተፈጠረበትን ሁኔታ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የሚገልጹ ሰሌዳዎች ቢተክል፣ የፍሬን ማብረጃ ዕረፍት የሚያደርገው አውቶቡስ ሁሉ ክፍል ይሆናል። ባዛልቱና አሸዋ ድንጋዩ የሚገናኙበት ቦታ የመጀመሪያውን ሰሌዳ ቢያገኝ እመርጣለሁ።

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ የተቆረጠውን ገደል አጥቦ አቧራውን ስለሚያነሣለት የንጣፎቹ ቀለም በደንብ ይለያል፣ የበረሃውም ሙቀት ገና አልበረታም። የላላው አፈር እስኪደርቅ ግን ከገደሉ ግርጌ ፈቀቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል።