ክርክር፦ ሦስተኛ የወጣ ቡድን በቀጥታ ይደግ?

እ.ኤ.አ. በ2024/25 ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ባለው የእንግሊዝ ሊግ፣ በሻምፒዮንሺፕ፣ ሊድስና በርንሌይ በቀጥታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደጉ። ለቀሪዋ አንድ ቦታ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት ጥሎ ማለፍ ገቡ። ሸፊልድ ዩናይትድ በ90 ነጥብ ሦስተኛ፣ ሰንደርላንድ በ76 አራተኛ ነበሩ። ያደገው ሰንደርላንድ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ አልተስማሙም።

ደጋፊው፦ ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ 46 ጨዋታ። ሸፊልድ ከሰንደርላንድ በ14 ነጥብ በልጦ ጨረሰ። ሰንደርላንድ የሊጉን የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎች ተሸንፎ ነው ጥሎ ማለፉን የገባው። አምስቱንም! ከዚያ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለቱ በተገናኙበት የጥሎ ማለፉ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ አንድ የሰንደርላንድ የ19 ዓመት ልጅ በ95ኛው ደቂቃ አገባና የሸፊልድ የዓመት ልፋት ገደል ገባ። ሦስተኛ የወጣ በቀጥታ ይደግ። ነጥብ አይዋሽም።

ተቃዋሚዋ፦ ጋሼ፣ ነጥብ አይዋሽም አሉ። የትኛው ነጥብ? ሸፊልድ ሜዳ ላይ የሰበሰበው 92 ነው። ሁለቱ የተቀነሰበት ለሌሎች ክለቦች መክፈል የነበረበትን በጊዜው ስላልከፈለ ነው። በርንሌይስ? ዓመቱን ሙሉ 16 ጎል ብቻ ነው የተቆጠረበት። የተሸነፈው ሁለቴ ነው፤ ሊድስ አራቴ ተሸንፏል። ሁለቱም 100 ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ ዋንጫው በጎል ልዩነት ለሊድስ ሆነ። የማይዋሸው ነጥብ እዚህ ጋ ምነው ዝም አለ? ደግሞስ ጥሎ ማለፉ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሸፊልድ ነሐሴ ላይ ሲጀምር ያውቀው ነበር።

ደጋፊው፦ ልጄ፣ ሁለት ነጥብ ላይ ተንጠለጠልሽ። 92 ነው ካልሽ ልዩነቱ ጭራሽ 16 ሆነ፤ ለእኔ መሰከርሽልኝ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሻምፒዮንሺፕ ዓመቱን ሙሉ ያለ ቫር፣ ያለ ቪዲዮ ዳኛ ነው የተካሄደው። ፍጻሜው ላይ ሲደርስ ቫር መጣ። ሸፊልድ 1 ለ 0 እየመራ ሃሪሰን በሮውስ ሁለተኛውን አገባ፤ ደጋፊው ጨፈረ። ከዚያ በቫር ታየና ተሻረ። አንድ የሸፊልድ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ቆሞ በረኛውን ከልሏል ተባለ። 46 ጨዋታ በአንድ ደንብ፣ ትልቁ ጨዋታ በሌላ ደንብ! ይሄ ነው ፍትሕሽ?

ተቃዋሚዋ፦ «ልጄ» የሚለውን ቢተዉልኝ ደስ ይለኛል። ጋሼ የምልዎት ለአክብሮት እንጂ ክርክሩን ልለቅልዎ አይደለም። ወደማይዋሸው ነጥብዎ ልመለስ። ሊጉ ሊያልቅ ሲል ሸፊልድ በተከታታይ በሦስት ቡድን ተሸነፈ። ኦክስፎርድ፣ ሚልዎል፣ ከዚያ ፕሊማውዝ። ፕሊማውዝ እኮ የወረደ ቡድን ነው! በቀጥታ የሚያልፍበት በር ክፍት ነበር፤ ራሱ ዘጋው። የሰንደርላንድን አምስት ሽንፈት ሲቆጥሩ ይቺን ምነው ዘለሏት? ደግሞ ያ የሰንደርላንድና የኮቨንትሪ ግማሽ ፍጻሜ! ኮቨንትሪ በጭማሪው ሰዓት ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሊወስደው ምንም አልቀረውም። በ122ኛው ደቂቃ ከማዕዘን የተሻማውን የሰንደርላንዱ ዳን ባላርድ በጭንቅላቱ ገጨው፤ ኳሷ አግዳሚውን ነክታ ገባች። ይሄ ይቅር ነው የሚሉት?

ደጋፊው፦ ስለ ቫሩ ምንም የለም። ጥሩ። ደግሞ ክርክሩ ስለ ድራማ ሆነ። እኔ ስለ ፍትሕ ነው የጻፍኩት፤ ድራማ ያማረው ሰው ቴሌቪዥኑን ይክፈት። እሺ፣ ጥሎ ማለፉ የግድ ይኑር ካልሽ እንኳ አምስተኛና ስድስተኛ ምን ሊሠሩ ይገባሉ? ብሪስቶል ሲቲ ስድስተኛ ሆኖ ገባ፤ ሸፊልድ በደርሶ መልስ 6 ለ 0 ቀጥቶ ሸኘው። ከሦስተኛና ከአራተኛ ውጪ ማንም አይግባ።

ተቃዋሚዋ፦ እንዴ! «ሦስተኛው በቀጥታ ይደግ» ብለን ተነስተን «አምስተኛና ስድስተኛ አይግቡ» ላይ ደረስን እኮ። ሦስተኛና አራተኛ ብቻ ቢገናኙስ ያው ሸፊልድና ሰንደርላንድ አይደሉም? ምን ተለወጠ? አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ተከታታይ ዓመታት ያደጉት ሦስቱም ቡድኖች በዓመቱ ወርደዋል፤ በቀጥታ ያለፉትም ጭምር። ሁለተኛ ሆኖ ያለ ጥሎ ማለፍ ያደገው የእርስዎው ሸፊልድም አንዱ ነበር። ሰንደርላንድ ግን ባደገ ማግስት፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ፣ ስታምፎርድ ብሪጅ ድረስ ሄዶ ቼልሲን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሦስት ነጥብ። አይዋሽም አላሉም?

ደጋፊው፦ ያሸነፈው መች ያደገው ቡድን ሆነና! አማካዩ ግራኒት ዣካ ከጀርመኑ ሌቨርኩሰን ተገዝቶ መጣ፤ ሌላም ሌላም። ያቺን የ95ኛው ደቂቃ ጎል ያገባው ቶሚ ዋትሰን ከፍጻሜው በፊት ለብራይተን ተሽጦ ያለቀ ልጅ ነው። አሳድጓቸው ሄደ። ነገሩ ገንዘብ ነው እንግዲህ። ማደግ የሚያመጣውን ገንዘብ ሁሉ ለአንድ ጨዋታ አስይዘው ሲያበቁ «ስፖርት ነው» ይሉናል። ይሄን ብትጽፊ እኔም አብሬሽ እጽፋለሁ። አንቺ ግን የያዝሽው ፕሊማውዝን ነው። የቫሩንም እስካሁን አልመለሽልኝም።