«ይደገም!» ላልነው ሁላችን

የባሕር ዳር ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ ነው። ያቺ የጅምናስቲክ ሠልጣኝ ልጅ ጣና ዳር በተተከለው የትርኢት መድረክ ላይ ስትሰበር ዙሪያዋን ከበን ያጨበጨብነው እኛ ነን። አሰልጣኙን ብቻ ረግመን ወደ ቤታችን ልንገባ አንችልም።

ላላየ ሰው ልንገር። መድረኩ በብረት እግሮች ላይ የተረበረበ ጣውላ ነው። ጣውላው ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ደግሞ ከሁለት ጣት ውፍረት የማያልፍ ስፖንጅ ተነጥፏል። ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው፤ ስሟን አልጠራም። ጓደኞቿ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ባለ ሦስት ፎቅ ማማ ሠሩ። እሷ አናቱ ላይ ወጣችና በአየር ላይ ወደ ኋላ ተገልብጣ ወረደች። ማረፊያዋ አጠረባት። ጉልበቷ ሳይታጠፍ ተረከዟ ጣውላውን መታ፣ ምቱም ተሰብስቦ ወገቧ ላይ አረፈ። ሁለት ጎረምሶች ብብቷን ይዘው አቆሟት። ፊቷ ገርጥቶ ሳለ ፈገግ ብላ እጅ ነሳች።

እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እኛ ግን «ይደገም!» አልን። አንዱ ጀመረው፣ ሌላው ተቀበለው፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ፣ ስልኩን ከፍ ያላደረገ አልነበረም። ልጅቷ አሰልጣኟን አየችው። እሱም በአገጩ ወደ ማማው ጠቆማት። ወጣች። ሁለተኛ ስትወድቅ መነሳት አቃታት፤ «እግሬ ደነዘዘ» እያለች አለቀሰች።

ያኔም ቢሆን አልበቃንም። አንዱ በብብቷ፣ ሌላው በእግሯ ይዘው እንደ ጆንያ አንጠልጥለው ባጃጅ ውስጥ ከተቷት። ወገቡ ወይም አንገቱ የተመታ ሰው እንዲህ አይነሳም! እንዳይንቀሳቀስ ይነገረዋል። አንድ ሰው ራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይይዛል። ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ ይጠየቃል፣ አምቡላንስ ይጠራል። ማንሳት የግድ ከሆነ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ከራስ እስከ እግሩ በአንድ ጊዜ፣ ወገቡ ሳይጠመዘዝ በጎኑ አዙረውት ጠፍጣፋ ጣውላ ከሥሩ ያስገባሉ። ጣውላ እኮ ከእግራችን ሥር ሞልቶ ነበር።

ሐኪም ቤት የተነሣችው ሲቲ ስካን የታችኛው ወገብ አምስተኛው አከርካሪ በግራም በቀኝም ተሰብሮ ወደ ፊት መንሸራተቱን አሳየ። ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። የስብራቱ ጠርዝ ሹል አልነበረም፤ ለስልሶ፣ ደንድኖ ነበር። አጥንት እንዲህ የሚሆነው ስብራቱ ሲቆይ ነው። ያ መድረክ የጨረሰው እንጂ የጀመረው አይደለም። ልጅቷ ለሳምንታት «ወገቤን» ስትል ኖራለች። መልሱ «ቻይው» ነበር፣ ቅባት ነበር፣ በትርኢቱ ዕለት ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነበር። ክኒኑ ስብራትን አይጠግንም፤ አትዝለይ የሚላትን ሕመም ብቻ ነው ያፈነው።

ይህ ጉዳት በጅምናስቲክ ዓለም የታወቀ ነው። ልጅ ወገቧን ደጋግማ ወደ ኋላ ስትለጥጥ የአከርካሪው ቀጭን የኋላ ድልድይ ሥራ ይበዛበታል፤ ለመጠገን ጊዜ ካላገኘ ይሰነጠቃል። አንድ ቀላል የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ። ልጅቷ በአንድ እግሯ ቆማ ወገቧን ወደ ኋላ ስትለጥጥ ታችኛው ወገቧ ላይ ካመማት፣ ልምምዱ በዚያው ቀን ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ተራ ራጅ ስንጥቁን ሊያመልጠው ስለሚችል «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ አይመለስም፤ ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳያል። በጊዜ ከተደረሰበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ዕረፍት ይበቃዋል። ሦስት ወር! እሷን የነፈግናት ይህንን ነው። ልቤ የሚቆስለው እዚህ ላይ ነው።

የእጅ አንጓም እንዲሁ ነው። በእጅ መቆምና መገልበጥ የሰውነትን ክብደት አንጓ ላይ ይጥላል። ያላደገ ልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና እያደገ ያለ ለስላሳ ክፍል አለው፤ እሱ ከተጎዳ አጥንቱ ያለጊዜው ማደጉን ሊያቆም ይችላል። «እግሯ እንዲከፈት» ብሎ ልጅ ጭን ላይ የሚቀመጥ አሰልጣኝ እያሠለጠነ አይደለም፣ ጡንቻ እየበጠሰ ነው። «እንዳትከብጂ» ተብላ ምግቧን የምትቀንስ ልጅም አጥንቷ ይሳሳል። 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፣ ወይም መጥቶ ሦስት ወር ከቀረ፣ ሐኪም ጋ ትሂድ እንጂ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ጭብጨባችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ላይ አሜሪካዊቷ ጅምናስት ኬሪ ስትረግ ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ ሁለተኛውን ዝላይ ስትዘል ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። ነጥቡ ሲደመር ግን ቡድኗ ያለዚያ ዝላይም ወርቁን ያገኝ ነበር። ሌላዋ አሜሪካዊት ጅምናስት ሲሞን ባይልስ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በአየር ላይ የሰውነቷ አቅጣጫ ሲጠፋባት የቡድኑን ፍጻሜ አቋርጣ ወጣች፤ ብዙዎች ሰደቧት። በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ ወሰደች። ማቋረጥ ልጅን አያጠፋትም።

በትልቁ ውድድር የማረፊያው ፍራሽ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ የሚገለበጡበት ወለልም ከሥሩ ስፕሪንግ አለው። ይህን ለመግዛት አቅም የለንም፣ አውቃለሁ። አቅም ከሌለን ግን ከማማ ላይ መገልበጡ ይቅር። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለው፣ በእጃቸው ቆመው፣ ዘለው ቢያሳዩን ምን ይጎድልብናል?

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ እናንተም ልጆቻችሁን ታስመዘግባላችሁ። አታስመዝግቡ አልልም፤ ስፖርቱ ውብ ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ልምምድ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ፍራሹ ላይ በጉልበታችሁ ተንበርከኩ፤ ወለሉ ከቆረቆራችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ልጅ «አመመኝ» ስትል አሰልጣኙ ምን እንደሚመልስላት አድምጡ። በሳምንት ከዕድሜዋ በላይ ሰዓት አትሠልጥን፣ የ9 ዓመት ልጅ ቢበዛ 9 ሰዓት ይበቃታል። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በዓመት ደግሞ ከፋፍላችሁም ቢሆን ሦስት ወር ትረፍ።

ይህን ሁሉ ብላችሁ ስትጠይቁ «ልጅ አታሞላቅቁ» የሚል አሰልጣኝ ይገጥማችሁ ይሆናል። ደክሞኛል፣ ሁሉም ይሰማኛል ብዬም አልጠብቅም። ግን የሚሰሙ አሰልጣኞችም በዚህች ከተማ አሉ፤ ፍራሽ ለምነው የሚያሰባስቡ፣ የታመመች ልጅን አስቀምጠው ውኃ የሚሰጡ አሉ። ልጆቻችሁን ወደ እነሱ ውሰዱ፣ ገንዘባችሁንም ለእነሱ ክፈሉ።