ኢንች ብቻ እየጠየቁ ቲቪ ለሚሸጡልን

ዛሬ ካልተነፈስኩት አልተኛም። አንዲት ቲቪ መኪናዬ ውስጥ ላስገባ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ተቃጠልኩ። ብሩስ ብር ነው፣ ሰርቼ አመጣዋለሁ፣ እንግዳ ፊት መዋረዴ ነው ያንገበገበኝ።

ስራዬ ከጎንደር ስሜን ተራራ እንግዳ ማመላለስ ነው። እነሱ ከጋይድና ከፓርኩ ጠባቂ ስካውት ጋር በእግር ሲገቡ እኔ ደባርቅ ሶስት አራት ሌሊት መኪናዬ ውስጥ አድራለሁ፣ በየቀኑ አልጋ ከያዝኩማ ለቤቴ ምን ይዤ ልግባ? የሚኒባሷን የመጨረሻ ወንበር አውጥቼ መኝታ አሰራሁ፣ መጋረጃ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ የቀረኝ ቲቪ ነበር። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ማታ 1 ሰዓት በር ዘግተህ ከገባህ እስኪነጋ አትወጣም። ዜና ሰምቼ ኳስ አይቼ ልተኛ ማለት ቅንጦት ነው እንዴ?

ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ገና ከበር "ስንት ኢንች ልስጥዎት ጋሼ?" አለኝ። "ለመኪና ነው፣ በመኪና ባትሪ ነው የማየው" አልኩት በግልጽ አማርኛ። "ችግር የለውም፣ ይሰራል" ብሎ 32 ኢንች አሸከመኝ። ቤት ወስጄ ጀርባውን ሳየው ኤሲ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ የቤት መብራት ማለት ነው። የኔ ባትሪ 12 ቮልት ዲሲ ነው! ልመልስ ስሄድ "ካርቶኑ ከተከፈተ አንቀበልም" አሉኝ። እሺ ካርቶኑን ሳልከፍት ጀርባውን በምን ልየው?

ከዛ ኢንቨርተር ግዛ ተባልኩ፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኤልኢዲ ቢበዛ 50 ዋት ቢበላ ነው፣ ሪሲቨሩ ተጨምሮም 70 አይሞላም፣ የ150 ዋት ኢንቨርተር በቂ ነበር። የሸጡልኝ የ1000 ነው፣ "ትልቁ ይሻላል" ተብሎ። ትልቁ እኮ ቲቪው ጠፍቶም ለራሱ ብቻ ባትሪ ሲመጥ ያድራል። ርካሽ ስለሆነ ደግሞ የሚያወጣው መብራት እንደ ቤቱ የጠራ አይደለም፣ ድምፁ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ነገር ገባበት፣ ጋዜጠኛዋ ስታወራ ንብ ቀፎ ውስጥ ያለች ነው የሚመስለው።

የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሳት ባንዴ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው የተሰራው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲጠባ አይደለም። ለቲቪው ሌላ ባትሪ ለብቻው ያስፈልግሃል ያለኝ አንድም ሰው የለም። አንድ ቀን ጠዋት እንግዶቼ ከተራራ ወርደው ቦርሳቸውን ጭነው ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው ቀጭ ቀጭ አለና ቀረ። ወርደው ገፉልኝ። ሶስት ቀን በእግራቸው ሲሄዱ የሰነበቱ ሰዎች! አንዷ እግሯ ቆስሎ በነጠላ ጫማ ነበረች፣ እሷም ገፋች። ያን ጠዋት መቼም አልረሳውም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሽቦውን የዘረጋው ሰው ነው። ከባትሪ እስከ ኋላ 4 ሜትር ይሆናል፣ እሱ የስፒከር ሽቦ የመሰለ ቀጭን ነገር ነው የጎተተው። ቀጭን ሽቦ ቮልቱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል፣ ባትሪው ትንሽ ደከም ሲል ኢንቨርተሩ ጲጵ ጲጵ እያለ ይጠፋል፣ ለካ ምክንያቱ እሱ ኖሯል። ፊውዝ አላደረገም። ላሜራውን በስቶ ሲያሳልፈው ቀዳዳው ላይ ጎማ እንኳን አላገባም። ከተራራው፣ ከሳንቃበር ካምፕ ኮረኮንች ወደ ጎንደር ስመለስ አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቆሜ ምንጣፉን ስገልጠው የላሜራው ጠርዝ ሽቦውን ፈግፍጎ ልጦት መዳቡ ወጥቶ ላሜራ ነክቷል፣ ዙሪያው ጠቁሮ ምንጣፉ ላይ የአውራ ጣት የሚያክል ቀዳዳ ተቃጥሏል። ከኋላዬ አራት ሰው ተቀምጦ ነበር። አራት ሰው! የአንዲት ፊውዝ ዋጋ ስንት ሆኖ ነው?

አንድ ሰው ግን እግዜር ይስጠው፣ ደባርቅ ያሉ ዲሽ የሚሰሩ አባት። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው፣ ከኛ አገር ሲታይ ወደ ደቡብ ምስራቅ በጣም ከፍ ብሎ 63 ዲግሪ ገደማ፣ ጎንደርም ሁን ደባርቅ ከፍታው ብዙም አይለወጥም አሉኝ። የዲሹን ብረት ቀጥ አድርገው አቁመው ከፍታውን በቀለም ምልክት አደረጉልኝ፣ አሁን በቆምኩበት ሁሉ ግራ ቀኝ ብቻ እያዞርኩ ሲግናሉን አገኘዋለሁ። ባህር ዛፍ ስር እንዳትቆም ብለው መከሩኝ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፣ አስር ደቂቃ አልፈጀባቸውም፣ ስንት ኢንች ነው ብለውም አልጠየቁኝም።

ቲቪውን ለእናቴ ሰጠኋት፣ ሳሎኗ ውስጥ ጥሩ ይሰራል። አሁን የምፈልገው 24 ኢንች፣ አዳፕተሩ ላይ ዲሲ 12 ቮልት የሚል፣ 19 የሚል አይደለም። ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ከ14 ቮልት በላይ ስለሚሰጥ የቮልት ማረጋጊያም እፈልጋለሁ። ማራኪም ይሁን አዘዞ ያያችሁ ካላችሁ የጀርባውን ጽሁፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ማክሰኞ እንግዳ ይዤ እወጣለሁ፣ ወፍራሙን ሽቦና ፊውዙን ገዝቻለሁ፣ የምዘረጋው ራሴ ነኝ፣ ፊውዙም ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው የሚገባው።