ባለቀለም መስታወት ታሪክ ለማስነበብ ብቻ ነውን?
ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ ጸሐፊ «ባለቀለም መስታወት ወደ ቤተ መቅደስ የገባው ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሥዕል ለማስተማር ነው» ያሉት በከፊል እውነት ቢሆንም ሙሉ ምክንያት ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1248 የተባረከው የፓሪሱ ሳንት ሻፔል ቤተ ክርስቲያን 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው 15 መስኮቶቹ ላይ ከ1,100 በላይ ትዕይንቶችን ይዟል፤ ነገር ግን ከወለሉ ቆሞ ሽቅብ ለሚመለከት ምእመን የላይኞቹ ሥዕሎች እጅግ ደቅቀው ስለሚታዩ ታሪኩን ተከታትሎ ማንበብ አዳጋች ነው፤ ከእርሱ ዘንድ በእርግጥ የሚደርሰው ሰማያዊና ቀይ ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ ራሱ ዓላማ መሆኑን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ተሠርቶ የተጠናቀቀው፣ በኢራን ሺራዝ ከተማ የሚገኘው ናሲር አል-ሙልክ መስጊድ ነው። በመስታወቶቹ ላይ አንድም የሰው ምስል የለም፤ ሆኖም በብርድ ወራት የሚሰገድበት አዳራሽ ከግቢው በስተ ምዕራብ ሆኖ መስኮቶቹ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከቱ፣ በተለይ ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትጓዝባቸው በእነዚያ ወራት የማለዳው ብርሃን በመስታወቱ ቀለማት አልፎ ምንጣፉ ላይ ርቆ ይዘረጋል። ከእኔ በፊት የጻፉት አስተያየት ሰጪ «የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጨለማ የሆኑት ለብርሃን ስላልታሰበላቸው ነው» ማለታቸውንም አልቀበለውም፤ በቤተ ጊዮርጊስ የታችኞቹ 9 መስኮቶች ድፍን፣ የላይኞቹ 12 ግን ክፍት ሆነው መሠራታቸው (አንዴ የተፈለፈለ ዓለት መቼም ተመልሶ አይሞላም) ብርሃኑ ከላይ ብቻ እንዲገባ ሆን ተብሎ የተወሰነ መሆኑን ያሳያል።