ማስተካከያ፦ ስለ 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት አበጣበጥ
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ለሚሠሩ የዓሣ አራጋፊዎች ባለፈው በላክነው መመሪያ «ዱቄቱ ላይ ውኃ ጨምሩ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። መጀመሪያ 20 ሊትር ውኃ በፕላስቲክ ባልዲ ይቀዳል፤ ከዚያ 14 ግራም ዱቄት ቀስ እየተባለ ይነሰነሳል። ይህ 0.05 በመቶ ብጥብጥ ይሰጣል።

ዱቄቱ ላይ ጥቂት ውኃ ሲፈስበት ግን ይግላል፣ ይፈናጠራል፣ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። እርጥብ ማንኪያ እንኳ ጣሳው ውስጥ አይግባ። ከጀልባ ቤንዚንና ዘይት ጋር በአንድ መጋዘን አታስቀምጡት፤ እሳት ያስነሳል። የዓሣ ደምና ቅርፊት አስቀድሞ በሳሙና ካልታጠበ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

ዓይን ውስጥ ከገባ ሎሚም ሆነ ሌላ ነገር አይደረግም፤ የዓይን ቆቡን ገልጦ ወዲያውኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። የተረፈውን ሐይቁ ውስጥ አትድፉ፤ ዓሣ ይገድላል።