የሲኒማ ካሜራ ገዢን በካርድ ማሰር ይቁም

የዲጂታል ሲኒማ ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የካሜራውን ዋጋ ነው። ከገዛ በኋላ ግን ምስሉ የሚቀመጥበትን ካርድና ካርዱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ሪደር ከዚያው አምራች ብቻ፣ አምራቹ በወሰነው ዋጋ ብቻ ለመግዛት የሚገደድበት ጊዜ አለ። አንድ ኩባንያ ለሴንሰሩ (ብርሃንን ወደ ምስል ለሚቀይረው ክፍል) እና ለቀለም ቴክኖሎጂው የፈለገውን ዋጋ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ብዙ አምራቾች ሊሠሩት የሚችሉትን የማከማቻ ዕቃ በልዩ ማቀፊያና በሶፍትዌር ቁልፍ ዘግቶ በብዙ እጥፍ መሸጥ ግን የፊልም ሠሪውን ሥራ መያዣ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ ሬድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ጂም ጃናርድ የመሠረተው ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሬድ ዋን የተባለውን ካሜራ በ17,500 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ትልቅ ስቱዲዮ ከጀርባቸው ለሌላቸው ፊልም ሠሪዎች 4ኬ የተባለውን ከፍተኛ የምስል ጥራት በር ከፍቷል፤ ይህ ውለታው ሊካድ አይገባም። ሆኖም ቆይቶ ለካሜራዎቹ ያወጣው ሚኒ-ማግ የተባለ ካርድ፣ 480 ጊጋባይት የሚይዘው ዓይነት፣ 1,850 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2019 ጂኒ ቴክ የተባለ አነስተኛ ድርጅት የካርዱን ማቀፊያ ፈትቶ በቪዲዮ ሲያሳይ፣ ውስጡ የተገኘው ማይክሮን የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤም-ሳታ ኤስኤስዲ (ትንሽ የኮምፒውተር ማከማቻ ዲስክ) ነበር፤ ይኸውም በኮምፒውተር ዕቃ መደብር ከካርዱ ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ የሚገኝ ዓይነት ነው። ነገሩ ከሬድም የቀደመ ነው፤ ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ለቪዲዮ ካሜራ ያወጣቸው ውድ የፒ-ቱ ካርዶች በውስጣቸው አራት ኤስዲ ካርዶችን የያዙ ነበሩ።

አምራቾች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ፍሬ ቢስ አይደለም። በተራ ኤስኤስዲ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚደረስበት ከፍተኛው ፍጥነት ሲሆን፣ የሲኒማ ካሜራ የሚፈልገው ግን ካርዱ እየሞቀና እየሞላ በሄደ ቁጥር የማይወርድ ፍጥነት ነው። ካርዱ ወደኋላ ከቀረ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) ይዘላል ወይም ቀረጻው ይቋረጣል፤ ተዋንያን፣ መብራትና የተከራየ ቦታ ባለበት ቀን ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ካርዱን መፈተሽና ዋስትና መስጠት ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ለመፈተሽ መዝጋት የግድ አይደለም። ብላክማጂክ የተባለው ካሜራ አምራች እ.ኤ.አ. በ2012 ባስተዋወቀው የመጀመሪያው የሲኒማ ካሜራው ማንም የሚገዛውን ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ተቀብሎ፣ ፈትሾ ያለፉትን ሞዴሎች ዝርዝር ለገዢዎች ይፋ አድርጓል። ከዚህም የሚበልጠው ማስረጃ ሬድ ራሱ ነው፤ በ2020 ኮሞዶ የተባለውን ካሜራ በሲኤፍ-ፋስት፣ በ2021 ቪ-ራፕተር የተባለውን በሲኤፍ-ኤክስፕረስ ካርድ እንዲሠሩ አድርጎ አውጥቷቸዋል። ሁለቱም ካርዶች የተለያዩ አምራቾች የሚሠሯቸው፣ የጋራ መስፈርት ያላቸው ናቸው። ከ4ኬ በሚበልጠው በ8ኬ ጥራት የሚቀርጸው ቪ-ራፕተር በጋራ መስፈርት ካርድ መሥራት ከቻለ፣ ያ ሁሉ ዓመት የቆየው ልዩ ካርድ የጥራት ግዴታ ነበር የሚለው መከራከሪያ አያሳምንም።

ከገንዘቡም በላይ የሚያሳስበኝ ውድ ካርድ በቀረጻ ቦታ የሚያስከትለው ነገር ነው። በሰከንድ 225 ሜጋባይት የሚጽፍ ካሜራ 480 ጊጋባይቱን በ35 ደቂቃ ገደማ ይሞላዋል። ገንዘቡ ሁለት ካርድ ብቻ የፈቀደለት ቡድን ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀርጽ፣ ፋይሉን የሚገለብጠው ባለሙያ አንዱ ካርድ ካሜራው ውስጥ ሳለ ሌላውን አራግፎ መመለስ አለበት። የሙያው ደንብ ግን ፋይሉ ቢያንስ ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ተገልብጦ ትክክለኛነቱ ሳይረጋገጥ ካርዱ ፎርማት አይደረግም (ይዘቱ አይደመሰስም) ይላል። ዳይሬክተሩ «ካርድ የት አለ?» እያለ ሲጣራ፣ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ስትል፣ ይህ ደንብ የሚጣሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ ይቀራል፣ ማረጋገጫው ይዘለላል፣ ካርዱም ፎርማት ይደረግና ወደ ካሜራው ይመለሳል። እንዲህ ባለ ቀን የጠፋ ትዕይንት ተዋናዩ ጸጉሩን ከተቆረጠ ወይም ወቅቱ ካለፈ አይመለስም። ካርዱ ተመጣጣኝ ዋጋ ቢኖረው ቡድኑ ስድስት ወይም ስምንት ካርድ ይይዝ ነበር፤ የተሞላው ካርድም እስከ ማታ ሳይነካ ይቀመጥ ነበር።

ይህ ጫና በዶላር ለማይከፈሉ ሰዎች ይብሳል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር በነበረበት ጊዜ፣ 1,850 ዶላር ከ105 ሺህ ብር በላይ ነበር። ዶላሩ 100 ብር ካለፈ በኋላ ያው ገንዘብ፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመርበት፣ ከ185 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ሲኒማ ካሜራ በቅናሽ አግኝቶ የሚገዛ ሰው ካርዱንም አብሮ ካላገኘ፣ ካሜራው ረከሰልኝ ማለት አይችልም።

የጃፓኑ ካሜራ አምራች ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2024 ሬድን ጠቅልሎ ገዝቷል። በሚኒ-ማግ የሚሠሩት እንደ ሞንስትሮ፣ ሂሊየምና ጀሚኒ ያሉ የሬድ ካሜራዎች ምስላቸው ዛሬም የሚያኮራ ነው፤ ካርዳቸው ከገበያ እየጠፋ ሲሄድ ግን ከነሙሉ ጤናቸው ሥራ ሊፈቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከአዲሱ ባለቤት የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ያለውን የካርድ ቁልፍ በሶፍትዌር ማሻሻያ ይክፈት፤ የካርዱንም ቴክኒካዊ ዝርዝር ሌሎች አምራቾች እንዲሠሩት ይፋ ያድርግ። የሌሎች ኩባንያዎች ካሜራ ሻጮችም በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ከካሜራው ጎን ለአንድ ሙሉ ቀን ቀረጻ የሚበቃ የካርድና የሪደር ወጪ ይጻፉ፤ ገዢውም ያ ቁጥር ያልተጻፈበትን ዋጋ ሙሉ ዋጋ ብሎ አይቀበል።